የሞባይል ዳታ እምቢ ሲል፦ ከሂሳብ ማጣራት እስከ ኤፒኤን፣ በቅደም ተከተል

«ኮኔክሽኑን አስተካክልልኝ» ብሎ ስልኩን ለጠጋኝ የሚያቀብል ሰው የስልኩ ቅንብር ተበላሽቷል ብሎ ያምናል። ቅንብሩ ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ጥቅሉ አልቆ፣ ዳታው በሌላኛው ሲም ላይ ተከፍቶ ወይም የስልኩ ቀን ተዛብቶ ነው። ጤነኛውን ቅንብር ሲነካኩት በነበረው ችግር ላይ ሌላ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ምን እንዳበላሸ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በመጀመሪያ የሚነካው ኤፒኤን፣ ማለትም ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ስም፣ በዚህ መመሪያ አምስተኛ ሆኗል። ደረጃዎቹን ሳይዘሉ ይከተሉ፤ በየደረጃው መጨረሻ ላይ አንድ ድረ ገጽ ከፍተው ይሞክሩ፤ ከሠራ እዚያው ያቁሙ።

የምናሌ ስሞች የተጻፉት ስልኩ በእንግሊዝኛ በሚሆንበት ጊዜ በሚነበቡበት ድምፅ ነው። ከስልክ ስልክ ጥቂት ይለያያሉ፤ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ አብዛኛው ነገር «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ወይም «ሞባይል ኔትወርክ» ከሚለው ሥር ሲገኝ፣ ሳምሰንግ ላይ ደግሞ «ኮኔክሽንስ» ከሚለው ሥር ይገኛል።

ከመጀመርዎ በፊት

ዋይፋይን ያጥፉ። የካፌ ወይም የሆቴል ዋይፋይ ተገናኝቶ ኢንተርኔት የማያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስልኩ ግን ዋይፋዩን ይዞ ስለሚቆይ ጥፋቱ የዳታው ይመስላል። ስልኩን ቻርጅ ያድርጉ። ለመደወያ የሚሆን ሁለተኛ ስልክ ወይም አጠገብዎ የሚቆም ሰው ቢኖር ሥራው ይቀላል፤ ለመጀመሪያው ደረጃም ያስፈልግዎታል።

ሌላ ሰው እንዲያስተካክልልዎ ስልኩን ከሰጡ አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። ዳታ ለማስተካከል የቴሌብር የምስጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር በፍጹም አያስፈልግም። የሚጠይቅ ካለ ስልክዎን ተቀብለው ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ኔትወርኩ ራሱ መኖሩን ያረጋግጡ

1. ከቤት ወይም ከሕንፃ ውስጥ ወደ ደጅ ይውጡ።
2. በስልኩ አናት ላይ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ይመልከቱ። ምንም ዘንግ ከሌለ ወይም የመስቀል ምልክት ካለበት ችግሩ የዳታ ሳይሆን የሲሙ ወይም የአካባቢው ኔትወርክ ነው።
3. ለአንድ ሰው ይደውሉ። ጥሪው ካልወጣ ዳታውን ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው።
4. አጠገብዎ ያለና በተመሳሳይ ድርጅት ሲም የሚጠቀም ሰው ዳታው ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ።

አራተኛው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ሰዓታት ይቆጥባል። የጎረቤትዎም ካልሠራ ስልክዎን አይንኩት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ተስፋ ሳይቆርጡ ቅንብር ሲቀያይሩ የቆዩ ብዙዎች ነበሩ፤ አገልግሎቱ ሲመለስ ያልሠራላቸው እነርሱ ናቸው፤ ስልካቸውን ሳይነኩ የተዉት ግን ዳታውን ከፍተው ቀጠሉ።

ደረጃ 2፦ ሂሳብና ጥቅል

1. በመጀመሪያ የሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ይህን ካላደረጉ ቀጣዩን አይጀምሩ።
2. የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ *804# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ።
3. ካርድ ከሞሉ በኋላ *999# ደውለው ጥቅል ይግዙ። የሳፋሪኮም ደንበኛ ከሆኑ *777# ይጠቀሙ።
4. ጥቅሉ መግባቱን የሚገልጽ መልእክት እስኪደርስዎ ይጠብቁ።
5. ከዚያ በኋላ ብቻ ዳታውን ይክፈቱ።

ዳታው ክፍት እያለ ካርድ መሙላት ገንዘብ የሚበላ ልማድ ነው። ጥቅል የሌለው ስልክ ከዋናው ሂሳብ ላይ ስለሚቆርጥ፣ ካርዱ እንደገባ ቴሌግራም የተጠራቀመውን ፎቶና ቪዲዮ ማውረድ፣ መተግበሪያዎቹም ራሳቸውን ማደስ ይጀምራሉ፤ እርስዎ *999# ደውለው እስኪመርጡ ድረስ ሂሳቡ ከጥቅሉ ዋጋ በታች ይወርድና «ሂሳብዎ በቂ አይደለም» የሚል መልስ ይመጣል። ስልኩ ተበላሽቷል የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው።

ጥቅል አለኝ የሚሉ ከሆነ ዓይነቱን ይመልከቱ። የሌሊት ጥቅል ቀን ላይ አይሠራም። ለተወሰኑ የማኅበራዊ መገናኛ መተግበሪያዎች ብቻ የተገዛ ጥቅልም ሌላ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ወይም ያንን ከዋናው ሂሳብ ይቆርጣል። የዕለት ጥቅል ደግሞ ሜጋባይቱ ሳያልቅ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። ጥቅሉ ሲገባ የደረሰዎትን መልእክት መልሰው ቢያነቡት ሦስቱንም ይነግርዎታል።

ደረጃ 3፦ ዳታው በየትኛው ሲም ላይ ነው?

በዛሬው ጊዜ በአንድ ስልክ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ሲሞች መያዝ ተለምዷል። ጥቅሉ በአንዱ ተገዝቶ ዳታው በሌላው ሲከፈት ስልኩ ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ ዝም ብሎ አይሠራም።

1. «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው «ሲም ካርድስ» ወይም «ሲም ማኔጀር» የሚለውን ይክፈቱ።
2. «ሞባይል ዳታ» በሚለው ትይዩ የተመረጠው ጥቅል የገዙበት ሲም መሆኑን ያረጋግጡ።
3. ካልሆነ ይቀይሩ፤ ጥቂት ይጠብቁ፤ ይሞክሩ።
4. «ስዊች ዳታ አውቶማቲካሊ» የሚል ምርጫ ካለ ያጥፉት። ስልኩ ሳይጠይቅዎ ጥቅል ወደሌለው ሲም የሚሸጋገረው በዚህ ነው።

ሁለት ሲም በሚይዙ አንዳንድ ርካሽና ቆየት ባሉ ስልኮች ላይ 4ጂ የሚሠራው በመጀመሪያው ማስገቢያ ብቻ ነው። ዳታው ሠርቶ እጅግ ከተንቀራፈፈ ስልኩን አጥፍተው የዳታውን ሲም ወደ ቁጥር 1 ያዛውሩ። ሲሙን ሲያወጡ የወርቅማውን ገጽ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በውኃ ወይም በምራቅ አያርጥቡት።

ደረጃ 4፦ በር የሚዘጉ ትንንሽ ነገሮች

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ከምልክቱ አጠገብ 3ጂ ወይም 4ጂ ተጽፎ ነገር ግን ገጽ የማይከፈት ከሆነ ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

*ቀንና ሰዓት።* በእኛ አገር ሰው ላይ የሚብሰው ይህ ነው። አንዳንዶች ስልካቸው የኢትዮጵያን ቀን እንዲያሳይ ብለው ዓመቱን በእጅ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ሌሎች ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 8 የሚለውን ቁጥር አንሥተው 2 ያደርጉታል። ድረ ገጾች ግን ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል ሰነድ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ ሰነዱ ገና ያልጀመረ መስሎ ስለሚታየው ገጹን አይቀበልም። ክሮም «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ ዋትስአፕም ቀኑን አስተካክሉ ይላል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ባይጎዳም እርሱንም ያስተካክሉ።

1. «ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ይክፈቱ።
2. «አውቶማቲክ» የሚለውን ያብሩ፤ የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ ሲደመር 3 መሆኑን ይመልከቱ።
3. ባትሪው ፈጽሞ ያለቀ ስልክ ሲነሣ አሮጌ ቀን ይዞ ሊነሣ ይችላልና በዚያ ጊዜም ይህን ይድገሙ።
4. የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርና ሰዓት ማየት ከፈለጉ ለዚያ የተሠራ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ይጫኑ፤ የስልኩን ሰዓት አይንኩ።

*ቪፒኤን።* ይህ የስልኩን ኢንተርኔት በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያሳልፍ መተግበሪያ ነው። በስልኩ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ወይም «ቪፒኤን» የሚል ጽሑፍ ካለ ያጥፉት። ነጻ ቪፒኤኖች በድንገት መሥራት ሲያቆሙ የስልኩን ኢንተርኔት በሙሉ ይዘው ይቀመጣሉ።

*ፕራይቬት ዲኤንኤስ።* ይህ ስልኩ የድረ ገጾችን አድራሻ ከየት እንደሚጠይቅ የሚወስን ቅንብር ነው። ማስታወቂያ ለመዝጋት ብሎ ሰው አድራሻ ጽፎበት ከሆነ «አውቶማቲክ» ወደሚለው ይመልሱት።

*ዳታ ሴቨርና የዳታ ገደብ።* አንድ መተግበሪያ ብቻ እምቢ ካለ «ዳታ ሴቨር» መጥፋቱን ይመልከቱ። ዳታው በከፈቱት ቁጥር ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ «ዳታ ዩሴጅ» ውስጥ ገብተው «ዳታ ሊሚት» የሚለውን ያንሡ።

ደረጃ 5፦ ኤፒኤን

ኤፒኤን ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን በር ስም የሚይዝ አጭር ጽሑፍ ነው። አዲስ ሲም ሲገባ አብዛኞቹ ስልኮች ራሳቸው ይሞሉታል። ከውጭ አገር የመጣ ስልክ ወይም ሶፍትዌሩ ተቀይሮ የተጫነ ስልክ ግን ባዶ ወይም የሌላ አገር ኤፒኤን ይዞ ሊገኝ ይችላል። የሚከተለው ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም ነው።

ከመጻፍዎ በፊት ያለውን ገጽ ፎቶ ያንሡ፤ ኪቦርዱንም ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ። በአማርኛ ኪቦርድ የሚጻፈው ነጥብ አራት ነጥብ ሊሆን ስለሚችል ስልኩ አያውቀውም።

1. «ሴቲንግ»፣ ከዚያ «ሞባይል ኔትወርክ»፣ ከዚያ የሚያስተካክሉትን ሲም፣ ከዚያ «አክሰስ ፖይንት ኔምስ» የሚለውን ይክፈቱ።
2. በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አያርሙ፤ የመደመር ምልክቱን ወይም ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው አዲስ ይክፈቱ። አሮጌው ምናልባት ትክክለኛ ሊሆን ይችላልና ይቆይ።
3. «ኔም» በሚለው ቦታ የፈለጉትን ስም ይጻፉ፤ ይህ ለእርስዎ መለያ ብቻ ነው።
4. «ኤፒኤን» በሚለው ቦታ እነዚህን የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ ይጻፉ፦ ኢ፣ ቲ፣ ሲ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤም። ሁሉም ተያይዘው ይጻፋሉ።
5. «ፕሮክሲ»፣ «ፖርት»፣ «ዩዘርኔም»፣ «ፓስወርድ»፣ «ሰርቨር» እና «ኤምኤምኤስሲ» የሚሉትን ባዶ ይተዉ።
6. «ኤምሲሲ» (የአገሩ መለያ) 636፣ «ኤምኤንሲ» (የድርጅቱ መለያ) 01 መሆናቸውን ያረጋግጡ። ስልኩ ራሱ ከሲሙ አንብቦ ስለሚሞላቸው ብዙ ጊዜ መንካት አያስፈልግም።
7. «ኤፒኤን ታይፕ» ባዶ ከሆነና ስልኩ አላስቀምጥም ካለ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ዩ፣ ኤል፣ ቲ ብለው ይጻፉ።
8. ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው «ሴቭ» ይበሉ። ወደ ኋላ መመለሻውን ብቻ ከተጫኑ በብዙ ስልኮች ላይ የጻፉት ይጠፋል።
9. ወደ ዝርዝሩ ሲመለሱ ከአዲሱ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክብ ተጭነው ይምረጡት። መጻፍ ብቻውን አይበቃም።
10. ኤርፕሌን ሞድን አብርተው ጥቂት ሰኮንዶች ቆይተው ያጥፉ፤ ዳታውን ይክፈቱ፤ ይሞክሩ።

ሰው የሚስተው ከሁሉም በላይ ቁጥር 4 ላይ ነው። ነጥቡን እንደጫኑ ኪቦርዱ ዓረፍተ ነገር ያለቀ መስሎት ከነጥቡ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ይጨምራል፤ ቀጣዩን ፊደልም ትልቅ ያደርገዋል። ክፍተቷ በዓይን እምብዛም አትታይም። ጠቋሚውን ከነጥቡ በኋላ አቁመው በአንድ እርምጃ ወደሚቀጥለው ፊደል መሻገሩን ይፈትሹ፤ ከመጨረሻው ፊደል በኋላም የተረፈ ክፍት ቦታ ካለ ይሰርዙ።

*«ሴቭ» ካሉ በኋላ አዲሱ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ፦* በቁጥር 6 ያሉት አኃዞች ከሲሙ ጋር አልገጠሙም ማለት ነው። ስልኩ ለሌላ ድርጅት የተጻፈ መስሎት ደብቆታል፤ እንደገና ይጻፉት።

*ነገሩ ከተወሳሰበብዎት፦* በዚያው ገጽ ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው «ሪሴት ቱ ዲፎልት» ይበሉ። የፋብሪካው ኤፒኤን ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል።

*የሳፋሪኮም ሲም ከሆነ፦* የኢትዮ ቴሌኮምን ኤፒኤን አይጻፉበት። በመጀመሪያ «ሪሴት ቱ ዲፎልት» ይሞክሩ፤ ካልሆነ 700 ደውለው ኤፒኤኑን ፊደል በፊደል ያስነብቡ።

*አይፎን ከሆነ፦* «ሴቲንግስ»፣ «ሴሉላር»፣ «ሴሉላር ዳታ ኔትወርክ» ውስጥ ይግቡና ከላይ ባለው የመጀመሪያው «ኤፒኤን» ቦታ ብቻ ይጻፉ፤ የማስቀመጫ ቁልፍ ስለሌለው ወደ ኋላ ሲመለሱ ራሱ ይይዘዋል። ዘመድ ከውጭ የላከው አይፎን ከሆነ «ጄኔራል» ከሚለው ሥር «አባውት» ውስጥ «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ያንብቡ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ ስልኩ ለውጭ ድርጅት የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ሳይፈታ የትኛውም ኤፒኤን አያድነውም።

ደረጃ 6፦ የኔትወርክ ዓይነት፣ በተለይ ለጣና ተጓዦች

«ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ» ወይም «ኔትወርክ ሞድ» የሚለውን ይክፈቱ። 4ጂ፣ 3ጂና 2ጂ በአንድ ላይ ያሉበትንና «አውቶ» የሚለውን ይምረጡ። ፍጥነት ይጨምራል ተብሎ «4ጂ ኦንሊ» ላይ የተቆለፈ ስልክ ሁለት ጣጣ አለበት፦ 4ጂ በሌለበት ቦታ ምልክት ያጣል፤ በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ የማይደግፍ ስልክ ከሆነ ደግሞ ዳታው እየሠራ የሚደውልልዎ ሰው «ስልኩ ዝግ ነው» ይባላል።

ከባሕር ዳር ተነሥተው በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ሲጓዙ ከማማዎቹ እየራቁ ስለሚሄዱ ምልክቱ ከ4ጂ ወደ «ኤች»፣ ከዚያም ወደ «ኢ» ሊወርድ ይችላል። «ኢ» ማለት 2ጂ ነው፤ የጽሑፍ መልእክት በትዕግሥት ያልፍበታል፤ ቪዲዮ አያልፍበትም። ይህ የቅንብር ጉድለት ስላልሆነ ሐይቅ ላይ ሆነው ኤፒኤን አይነካኩ። ወደ ከተማው ሲመለሱ ስልኩ 4ጂውን ካልያዘ ኤርፕሌን ሞድን አንድ ጊዜ አብርተው ያጥፉ። ደካማ ምልክት የሚፈልግ ስልክ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳልና ገዳማቱን እስኪሳለሙ ድረስ ዳታውን አጥፍተው ቢቆዩ ይሻላል። ካርታ የሚፈልጉ ከሆነ ከተማው ውስጥ ሳሉ ያውርዱት። ለጀልባው ክፍያ የሚጨነቁ ደግሞ *127# የሚደወለው የቴሌብር አገልግሎት ዳታ እንደማያስፈልገው ይወቁ፤ የጥሪ ምልክት ካለ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሠራ

በመጀመሪያ ሲሙን አውጥተው ዳታው በሚሠራ ሌላ ስልክ ውስጥ ያስገቡት። እዚያ ከሠራ ችግሩ የስልክዎ ነው፤ እዚያም ካልሠራ የሲሙ ነው።

*የስልኩ ከሆነ፦* «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ» ያድርጉ። ፎቶና የስልክ ቁጥሮች አይጠፉም፤ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃላትና የብሉቱዝ ግንኙነቶች ግን ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የቤትዎን ዋይፋይ የይለፍ ቃል አስቀድመው በወረቀት ይያዙ። ጠጋኙ «ፋክተሪ ሪሴት» ወይም «ፍላሽ» ላድርገው ቢልዎ፣ ያ ስልኩን ባዶ እንደሚያደርገው አውቀው ዶሴዎን ሳያስቀምጡ አይፍቀዱ።

*የሲሙ ከሆነ፦* ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ይደውሉ። «ኢንተርኔት አይሠራም» ብቻ ካሉ ከመጀመሪያው ደረጃ ያስጀምሩዎታል። ይልቁንም የስልክዎን ዓይነት፣ ከምልክቱ አጠገብ የሚታየውን ጽሑፍ፣ ዳታው ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ፣ ያሉበትን ሰፈር፣ ለምሳሌ ዓባይ ማዶ ወይም ፔዳ አካባቢ ብለው፣ እንዲሁም ሲሙን በሌላ ስልክ ሞክረው እንዳልሠራ ይንገሩ። ሲሙ አሮጌ ሆኖ 4ጂ የማይደግፍ ከሆነ በዚያው ቁጥር በአዲስ ይቀየራል፤ ለዚህ ወደ አገልግሎት ማዕከል በአካል መሄድ ያስፈልጋል። መታወቂያ ሳይይዙ አይሂዱ፤ ሲሙ በወንድም ወይም በባለቤት ስም የተመዘገበ ከሆነም የተመዘገበበት ሰው ራሱ አብሮዎት ይሂድ።